«የማይተላለፍ» ተብሎ ይነበብ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
መድኃኒቱን መውሰድ ከጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ሳምንት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣ ለአራት ነጥቤ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ እንዴት ናት? ጥርስ ጀመረች? ባልሽንም ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህቺን «ደህና ነኝ» ዕድሜ ልኬን ለወጉ ያህል ስጽፋት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን አስቤባት ነው የጻፍኳት፤ እንደተጻፈች አንብቢያት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም፤ ትስቂብኛለሽ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳትጽፊልኝ ከርመሽ ድንገት አንድ ገጽ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ያደረግኩትን ግን ልንገርሽ፤ እርሳስ አነሳሁ። የሥራ አመል መቼ ይለቃል! «ዓመት»ን በ«አ» ጽፈሽዋል፤ አረምኩት። «ፈቃድ» ላይ «ቃ» ደግመሻል፤ አንዷን ሰረዝኩ። እንዲህ እያልኩ ወደ ታች ስወርድ ከዚያች ጥያቄሽ ደረስኩ። «አባባ፣ በሚቀጥለው ወር ልመጣ ነው። ልጄን ታቅፋታለህ ወይስ እንደ እኔ በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ነው የምትይዛት? እውነቱን ጻፍልኝ። የማታቅፋት ከሆነ አክስቴ ቤት አርፌ እመለሳለሁ።» እርሳሱን አስቀመጥኩት። እዚያች መስመር ላይ የሚታረም አንድም ፊደል አልነበረም።

መልሴን መጨረሻ ላይ ነው የምጽፈው። ልጅ ሆነሽ የተረት መጽሐፍ ሳመጣልሽ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠሽ ታነቢ ነበር፤ ዛሬ እባክሽ አትዝለዪ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩሽ መልሴ አይገባሽም። ከሥሩ ስነግርሽ ደግሞ ሳትናደጂብኝ አትቀሪም። ተናደጂ፤ ብቻ አንብበሽ ጨርሺው።

የቆዳዬን ነገር ታውቂዋለሽ። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሽ ክርኔ ላይ ጀመረኝ፤ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ጀርባዬ፣ መጨረሻ ላይ እጄ። ቆዳው ቀልቶ ያብጣል፤ ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር እየተደራረበ ይረግፋል። ስሙ ሶሪያሲስ እንደሚባል ያን ጊዜ አንድ ሐኪም በሁለት ደቂቃ ነግሮኝ፣ የሚቀባ ቅባት አዝዞ ሸኘኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። ለምን እንዳልጠየቅኩት ትደርሺበታለሽ።

ከሦስት ወር በፊት የሰፈራችን ፋርማሲስት፣ ያቺ ስንት ዓመት ቅባቴን ያቀበለችኝ ሴት፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ሰለቸኝ» አለችኝ። «ትልቁ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ጥናት ጀምረዋል። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ በደም ውስጥ የትኛውን ነገር ዝም እንደሚያሰኝ በደንብ ማየት ፈልገው ነው። በሞቴ ይሂዱ።»

ሄድኩ። የቆዳ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ አሥር ወንበር በአንድ ረድፍ ተደርድሯል፤ ሰዉ ሁሉ አንድ አንድ ወንበር እየዘለለ ነው የተቀመጠው። እንዲዘሉ ያዘዛቸው የለም። እኔም ዘልዬ ተቀመጥኩ።

ዶክተሩ በዕድሜ ካንቺ አይበልጥም፤ ሲናገር እጁን ያወናጭፋል። አራት ገጽ የስምምነት ቅጽ ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ከመጀመሬ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «በዚህ ጥናት የሰውነትን መከላከያ የሚያፍን መድኃኒት ይሰጥዎታል» ይላል።

«ይኼን ማን ጻፈው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«የሚያፍን? ዶክተር፣ የሚያፍን እኮ ጭስ ነው፤ የሚያፍን ወንበዴ ነው። ሰውነቴ ውስጥ ማን እንዲታፈንልህ ነው የምፈርመው?»

ሳቁን ለቀቀው። «ለዚህ ነው ለካ! ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው ቅጹን አንብቦ ውልቅ አለ። ታዲያ ምን ልበለው?»

«ሥራውን ንገረኝ፤ ቃሉን እኔ እፈልግልሃለሁ።»

«እርስዎ ውስጥ ያለው መከላከያ ጠላት ሳይመጣ ነው የሚጮኸው። መድኃኒቱ አይገድለውም። ጩኸቱን ነው ዝቅ የሚያደርገው።»

«እንግዲያው ያረግበዋል በላ!» አልኩት። «ገመድ ይረግባል፣ ውጥረት ይረግባል፣ የተቆጣ ሰውም ይረግባል። የረገበ ነገር አልሞተም፤ ስትፈልገው መልሰህ ትወጥረዋለህ።»

ዶክተሩ ደስ ብሎት ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። «አባቴ፣ እንደው ሙሉውን ይረሙልኝ።» እስቲ አስቢው! ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል እየለቀምኩ መስመር ስደረድር ኖሬ ጡረታ ለወጣሁ ሰው፣ ሰው ለምኖኝ ቀይ እስክሪብቶ! ተንቀባርሬ ተቀመጥኩ። የተደጋገመውን ሰረዝኩ፣ የተረሳውን ጨመርኩ፣ ነጠላ ሰረዙን ሁሉ ቦታ ቦታውን አስያዝኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ በሽታ ነው» የሚል አገኘሁ። «ማይ» የምትለዋን ሰርዤ በላይዋ «ሚ» ጻፍኩ። የሚተላለፍ። አሳልፌ ብተውለት ኖሮ ምን ሊዋረድ ነበር ብዬ እያሰብኩ ወረቀቱን መለስኩለት።

እየሳቀ ማየት ጀመረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳቁ ቆመ።

«ይህቺን ለምን አረሟት?»

«ስህተት ናታ።»

«ትክክል ናት እኮ፣ አባቴ።»

«የሚተላለፍ ነው» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ታትሟል!»

እጁን ማወናጨፉን ተወ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋኝና፣ እኔ ኪሴ ልከታቸው ስል ቀድሞኝ ሁለቱንም እጆቼን በባዶ እጁ ያዛቸው። ቅርፊቱ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ፤ እሱ ዞርም ብሎ አላየው። «አይተላለፍም» አለ። «ዝንባሌው በዘር ሊኖር ይችል ይሆናል። በመንካት ግን አይተላለፍም፤ በፎጣ አይተላለፍም፤ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልነገርዎትም?»

ማን ይንገረኝ? ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ልጄ፣ ሰው እጄን ሲይዘኝ በሃያ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

ሳልፈርም ወደ ቤት ሄድኩ። አረንጓዴ ሽፋን ያላትን ትንሽ መጽሐፍ ታስታውሻታለሽ? ከሬዲዮኑ ሥር የምትቀመጠውን፣ «ስለ ቆዳ በሽታዎች ማወቅ የሚገባዎት» የምትለዋን? እኛ ማተሚያ ቤት የታተመች ናት፤ በሽታው ሳይጀምረኝ ከሁለት ዓመት በፊት። ሐኪሙ ስሙን ሲነግረኝ በቀጥታ ቤት መጥቼ እሷን ገለጥኩ። ገጽ ሃያ ሦስት፣ መስመር ስድስት። «ሶሪያሲስ፦ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ነው።» ከዚያ ወዲያ ማንን ልጠይቅ? ፎጣዬን ለየሁ። ሰሃኔን ለየሁ። ትራሴን ይዤ ሳሎን ሶፋው ላይ ወጣሁ።

እናትሽ ግን መች ዝም አለች! «አብሬህ የተኛሁት እኔ አልያዘኝም፤ ልጅቷን በምን ይይዛታል?» ትለኝ ነበር። «ታትሟል» እላታለሁ። «የታተመ ሁሉ እውነት ከሆነ አንተ በየሳምንቱ እርማት የምትለቅመው ለማን ነው?» ትለኛለች። እሷ አንድ ቀን እንኳ የተሳሳተ አልተናገረችም፤ እኔ ግን መጽሐፏን አውጥቼ ጣቴን መስመሯ ላይ አድርጌ አሳያታለሁ። በመጨረሻ ደከማትና ተወችኝ።

አንቺን መንገድ ሳሻግርሽ እጅሽን ወደ እኔ ትዘረጊ ነበር። ትዝ ይለኛል፤ ቀና ብለሽ ሳታዪ፣ እንዲያው በልማድ፣ እጅ አለ ብለሽ። እኔ ደግሞ የቦርሳሽን ማንጠልጠያ ከኋላ እይዛለሁ። ሁለተኛ ክፍል ስትደርሺ መዘርጋቱን ተውሽ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ተረዳችኝ ብዬ ደስ አለኝ። አየሽ የአባትሽን ነገር? ደስ አለኝ!

እንግዲህ ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የማተሚያ ቤቱን ማጉያ መነጽር ገጹ ላይ አስቀመጥኩ። ዶክተሩን ላጋልጠው ነበር ሐሳቤ። «የሚተላለፍ» የምትለዋ ቃል የመጨረሻ ፊደል «ፍ» ናት። የ«ፍ» ጫፏ ትንሽ ተሸርፋለች። ይህቺን «ፍ» የት ነው የማውቃት አልኩ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ገጽ ዘጠኝ፦ «እከክ፦ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ነው።» ያው ሽርፍ። ያቺው «ፍ»።

ሥራችንን ታውቂው የለ፤ ገጹ ታትሞ ሲያልቅ ፊደሉ ሁሉ እየተለቀመ ወደየሳጥኑ ይመለሳል። እኔ ግን አንድ ብልሃት ነበረችኝ። ኋላ ላይ የምትደገም መስመር ካለች ሳልበትናት በሲባጎ አስሬ አስቀምጣታለሁ፤ ሌላ ገጽ ላይ ስትመጣ እንዳለች አነሳና አስገባታለሁ። በዚህች ብልሃት ስንቱ ሲያደንቀኝ ኖሯል! የእከኩን መስመር አስሬ አስቀምጬ፣ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ በረቂቁ ላይ «ከሰው ወደ ሰው» የሚለውን አየሁና የቀረውን ሳላነብ አነሳኋት። ረቂቁ «የማይተላለፍ» ይል እንደነበር አልጠራጠርም። አራሚውም አለፋት። ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ራሴ ለቅሜ፣ እኔ ራሴ አንብቤ፣ እኔ ራሴ አምኜ ሃያ ስምንት ዓመት ኖርኩባት። አንቺንም በሷ አኖርኩሽ።

በማግስቱ ሆስፒታል ተመለስኩና ፈረምኩ። ደሜን የምትወስደው የላቦራቶሪ ባለሙያ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም የሆነች ሴት ናት፤ ኮሪደሩ ላይ ሁሉም «ቀጂዋ» ነው የሚላት። ፊቴን አይታ «ምነው ጋሼ፣ ገና ሳልወጋዎት?» አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መርፌውን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ከዚያ «አይዞዎት፤ በሽታዎም እኮ ልክ እንደ እርስዎ ነው» አለችኝ። ልቆጣ ስል የቅጹን ጀርባ ገልብጣ ትሥል ጀመር።

እንደገባኝ ልንገርሽ። በደማችን ውስጥ ጥበቃ የሚያደርጉ ነጭ ሕዋሳት አሉ። እኔ ውስጥ ያሉት ሌባ ሳይገባ «ሌባ!» ብሎ የሚጮህ መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱን የሰማው ሕዋስ ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ዋናው ጽሑፍ ወደሚቀመጥበት፣ ተላላኪ ይልካል። ተላላኪው እዚያ ሲደርስ አዲስ መልእክት ይጻፋል፤ ተባዝቶ ይወጣል፤ ጎረቤት ሕዋስ ይሰማል፤ እሱም ይጮሃል። በመጨረሻ ቆዳው «ፍጠን» ይባላል። በወር ማለቅ ያለበትን ቆዳ በአራትና በአምስት ቀን እየሠራ ያወጣል። ያ ነው የሚደራረበው። «ገባኝ» አልኳት፤ «ጦርነት ሳይኖር በየቀኑ ልዩ እትም ማውጣት ነው።» ሳቀች። «መድኃኒቱስ?» ስላት፣ «ተላላኪውን በር ላይ ያስቀረዋል» አለችኝ። «አይገድለውም። ጩኸቱ ይሰማል፤ ግን ትእዛዙ ውስጥ ስለማይደርስ የሚጻፍ የለም። የማይጻፍ ደግሞ አይባዛም። እኛ ደምዎን በየጊዜው የምንወስደው የትኛው መልእክት ቀድሞ እንደሚቀንስ፣ የትኛው እንደሚዘገይ ለማየት ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይኼንኑ ሳሰላስል ሄድኩ። ከእናቷ እቅፍ ባልወረደች ልጅ ፊት፣ ሌባ ሳይኖር «ሌባ!» እያልኩ ሃያ ስምንት ዓመት የጮህኩት እኔ ነኝ። ቀጂዋ እውነቷን ነው።

እንክብሉን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የለም። በሦስተኛው ማሳከኩ ቀነሰ። በአምስተኛው አንድ ቀን ጠዋት ከሶፋው ስነሳ አንሶላው ላይ የሚራገፍ ነገር አጣሁ፤ ቆሜ ብዙ ደቂቃ አንሶላ ሳይ ቆየሁ። በስምንተኛው እጄ ጠራ። ቀዩ ምልክት አለ፤ ቅርፊቱ ግን የለም። ባለፈው ወር ቀጂዋ ውጤቱን አመጣችልኝ። ዋናው ጯሂ ድሮ ከነበረው ወደ ሲሶ ወርዷል፤ ሌሎቹ ደግሞ ቀስ እያሉ ተከትለውታል። «ረገቡ» አለችኝ፤ በራሴ ቃል። ቅጹም አሁን እንደዚያ ነው የሚለው። ቅጹ ከታረመ ወዲህ ጥሎ የሄደ ሰው የለም ብሎኛል ዶክተሩ፤ ትንሽ ኮራሁ።

ሁሉ ነገር ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። የደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቴንም በየሁለት ሳምንቱ ይመረምራሉ። ፀጉር ያበዛል ብለውኝ ነበር፤ እኔም በራዬን እያሰብኩ ደስ አለኝ። ጆሮዬ ላይ አበቀለልኝ። መጥተሽ ስታዪኝ አትሳቂ።

አሁን ወደምሸሸው ነገር ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት፣ እናትሽን የቀበርን ቀን ሰዉ ተበትኖ እኔና አንቺ ብቻ ስንቀር፣ አንቺ ልታቅፊኝ መጣሽ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ፊትሽን አየሁት። ያን ዕለት እጄ ከምንጊዜውም የባሰበት ነበር፤ እንኳን ላቅፍሽ ሸሚዝ መቆለፍ አቅቶኝ ነበር። ይህን መናገር ስችል አፌ ተሳሰረ። በማግስቱ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ። አልፈርድብሽም። ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህቺ ቃል ሌላ ቦታ ላይ ቋጥሬ ያስቀመጥኳት አይደለችም፤ አሁን ፊደል በፊደል የለቀምኳት ናት።

ይህን ሁሉ ባወቅሁ ማግስት ልጽፍልሽ ነበር። አፈርኩ። «አባትሽ በፊደል ስህተት ሳያቅፍሽ ቀረ» ተብሎ እንዴት ይጻፋል? መጀመሪያ ያጠፋሁትን ላስተካክል አልኩ። ቀለሜን ታስታውሺዋለሽ? የማሽን ሠራተኛው ጓደኛዬ፣ ጣቱ ከቀለም ጠርቶ የማያውቀው። ቤቱ ሄጄ ነገሩን ስነግረው ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ። ከዚያ «ስንት ቅጂ ነበር ያወጣነው?» አለኝ። «ሁለት ሺህ።» «እንግዲያው ሁለት ሺህ ቤት ገብታለች» አለ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንቱ ፎጣውን ለይቶ ይሆን? በሳምንቱ እኔ ጽፌ እሱ አትሞ የእርማት ወረቀት አወጣን። መጽሐፏ ልትኖር ትችላለች ባልንበት ጤና ጣቢያና ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ይዘን ዞርን። አንዷን ዶክተሩ በትልቁ አሳትሞ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከአሥሩ ወንበሮች በላይ ለጥፏታል።

ባለፈው ማክሰኞ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ሴት መጣች። ክንዷን በሻርፕ ሸፍናለች። ወንበር ልትዘል ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን አነበበች። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጠገቤ፣ ክርን ለክርን፣ ቁጭ አለች። እንባዬ መጣ፤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ለጥያቄሽ መልስ የማልጽፍልሽ በሌላ ምክንያት ነበር። የግራ ክርኔ አልጠራም። አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ እምቢ ብላ ቀርታለች። እሷ ስትጠፋ እጽፍላታለሁ፣ ንጹሕ ሆኜ እቀበላታለሁ እያልኩ ሳምንት ስቆጥር ነበር። ሴትዮዋ አጠገቤ ስትቀመጥ ነው የነቃሁት። የሷም አልጠራም፤ የኔም አልጠራም፤ ተጠግተን ተቀመጥን፤ ምንም አልሆንንም። መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ አልወስደውም፤ ጥቂት ወራት ቆይተው ይቀንሱታል። ሊመለስ ይችላል ብሎኛል ዶክተሩ፤ ያን ጊዜ ሌላ እንሞክራለን፣ ሌላም መድኃኒት አለ ብሎኛል። እንግዲህ በሽታው ቢመለስም እጄ ወደ ኪሴ አይመለስም። ልጅሽን ለማቀፍ የጠራ ቆዳ የሚያስፈልገኝ ከሆነ ከዚያች መጽሐፍ ምኑን ተማርኩ?

ስለዚህ መልሴ ይኸውልሽ። አዎ። አቅፋታለሁ። በሁለት እጄ፣ ክርኔን ሳልሸፍን።

አንድ ነገር ብቻ። መከላከያዬ ስለረገበ ጉንፋን ቶሎ ይይዘኛል አሉኝ። ልጅቷ ትኩሳት ወይም ሳል ካላት ሁለት ሦስት ቀን አሳርፊያትና ኑ። አየሽ፣ ዘንድሮ የሚተላለፈው ከናንተ ወደ እኔ ነው! ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እናትሽ ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ክፍልሽን አጽድቻለሁ። ሶፋውንም ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ከእንግዲህ መቀመጫ ነው፤ እኔ ወደ መኝታ ቤቴ ገብቻለሁ። የምትመጪበትን ቀንና ሰዓት ጻፊልኝ፤ በምትወርዱበት መውጫ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ሻንጣሽን ሌላ ሰው ይያዝልሽ። እኔ እጅሽን ነው የምይዘው።

ልጅሽ ስሟ የሚጠራ፣ ተመክራ የምትሰማ ትሁንልሽ፤ ትዳርሽ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ይሁን፤ መንገዳችሁን ያቅናው፤ እኔንም እስከዚያ ያቆየኝ።

እንድ ዓረፍተ ነገር ወልዶ በአንቺ አራት ነጥብ ያደረገው፣
አባትሽ፣ ፊደል ለቃሚው

(ከላይ «አንድ» ማለት ሲገባኝ «እንድ» ብያለሁ። አየሁት፤ ግን ተውኩት። ለአንቺ እርሳስ ይሁንሽ።)

በፖስታው ውስጥ ከእርማቱ ወረቀት አንዷን አድርጌልሻለሁ። የታተመው የቀለሜ ነው፤ ከሥሩ በእጄ የጨመርኩት የኔ ነው።

እርማት
ገጽ 23፣ መስመር 6፦ «የሚተላለፍ» የሚለው «የማይተላለፍ» ተብሎ ይነበብ።

ከአራት ዓመትሽ ጀምሮ «አባቴ አይወደኝም» ብለሽ ያነበብሽው ሁሉ፣ «አባቴ ፈርቶልኝ ነው» ተብሎ ይነበብ።